ዞር ያለበት ደቂቃ

ሞጣ መናኸሪያ ፊት ለፊት አራት ፊልም መጫኛ ሱቆች አሉ። በሦስቱ ሰው ፍላሹን ይሰጣል፣ «አክሽን ሙላልኝ» ወይም «ህንድ አድርግልኝ» ይላል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተቀብሎ ይሄዳል። በአራተኛው በኸይረዲን ሱቅ ግን ደንበኛው መጀመሪያ ይጠየቃል። እስከ መጨረሻ ያዩት የትኛውን ፊልም ነው? ጀምረው የተዉትስ? ከማን ጋር ነው የሚያዩት? ኸይረዲን መልሱን ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጽፋል። ስድስት ዓመት በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቷል። ክሊኒኩ ሲዘጋ ማይክሮስኮፑ ተሸጠ፤ የመመዝገብ ልማዱ ግን ከእሱ ጋር ቀረ።

በዚያው ሱቅ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን የምትሸጠው እህቱ ሙኒያ በዚህ ነገር አታርፍለትም። «ሰው ፊልም ሊወስድ ይመጣል፣ አንተ የሽንት ምርመራ ታደርግበታለህ» ትለዋለች።

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲስተር ይርጋነሽ ወደ ሱቁ ገቡ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በዚያ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ከኸይረዲን ጋር የሠሩ ነርስ ናቸው። ቤታቸው ቢቸና ነው፤ ያኔም ለቅዳሜና እሁድ ወደዚያ ይመለሱ ነበር። አሁን ሞጣ የመጡት ለዘመድ ተዝካር ነበር።

«ኸይሩ፣ ፊልም ስጠኝ» አሉት፣ የጤናና የቤተሰብ ጥያቄው ካለቀ በኋላ።

«እሺ ሲስተር። መጨረሻ ላይ ጨርሰው ያዩት...»

«ጥያቄህን ተወውና እኔ ልንገርህ።»

ነገሩት። ባለቤታቸው መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ቢቸና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ከዐሥራ አራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመልሷል፤ ቀኝ እጃቸውም ትንሽ ትንሽ ይታዘዛል። ያልተመለሰው ንግግር ነው። ሰው ቀስ ብሎ ከነገራቸው ይገባቸዋል፤ ፈጠን ያለ ወሬ ግን ያመልጣቸዋል። ራሳቸው የሚሉት ከዐሥራ አምስት ቃል አይበልጥም፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የፈለጉት ቃል አይደለም። ማንበብ የለም።

«እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን ፊልም እናያለን። ሃያ ስምንት ዓመት እንደዚያ ነበር» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። «አሁን ስከፍትለት ተነሥቶ ይወጣል። ግቢ ውስጥ አጥሩን እያየ ይቀመጣል። ሰው ‹እንዴት ናቸው› ይለኛል፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይተኛል እላለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ባል የለኝም።»

ኸይረዲን እስክሪብቶውን አነሣ። «ምን ምን ሞከሩ?»

«የአማርኛ ትርጉም ያለውን ሞከርኩ። ያ ተርጓሚ እንደ መትረየስ ነው የሚያወራው፤ ኃይሌ ጆሮውን ያዘ። ከታች ጽሑፍ ያለውንማ አያነበውም።»

«እንግዲያው ንግግር የሌለበት ነው የሚያስፈልገው።»

«እንዲህ ያለ ፊልም አለ?»

«አለ። አብዛኛው ግን አኒሜሽን ነው።»

ሲስተር ይርጋነሽ ቦርሳቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። «ካርቱን? ለመምህር ኃይለ ጊዮርጊስ? ያስተማራቸው ልጆች ዳኛ ሆነዋል፤ እኔ እሱ ፊት ጥንቸል ላሯሩጥ?»

ሙኒያ ከባንኮኒው ወዲያ ሳቀች። ኸይረዲን አልሳቀም፤ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረው። በሌሎቹ ሱቆች አኒሜሽን በሙሉ «ልጆች» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የጦርነቱም የሐዘኑም ከጥንቸሉ ጋር። እሱ ግን በተሠሩበት ነገር ለያይቷቸዋል፤ በጭቃ፣ በተቆረጠ ወረቀት፣ በከሰል፣ በአሸዋ፣ በኮምፒውተር። አንዱን ከፈተ። ባቡር በማይመጣበት ጣቢያ ፋኖስ ይዞ የሚጠብቅ ከጭቃ የተሠራ ሽማግሌ ታየ። ሽማግሌው ሐዲዱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ኮቱን አራገፈ።

ሲስተር ይርጋነሽ ጎንበስ አሉ። «ይሄን ሰውዬ በእጅ ነው የሠሩት?»

«በጣት። ለአንድ እርምጃ ብዙ ጊዜ ፎቶ እያነሡ፣ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ። ኮቱ ላይ ይዩ፤ የሠሪው አሻራ አለ።»

አዩት። ሌላ አንድ ደቂቃ ያህል ፊልሙን ተከተሉ። «ጥንቸል የለበትም?» አሉ።

«ጥንቸል የለበትም።»

አምስት ጫነላቸው። ርዕስ አልጻፈም፤ እንደ ናሙና ቁጥር ሰጣቸው። ቁጥር አንድ የጣቢያው ሽማግሌ ነው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ቁጥር ሁለት ከወረቀት የተቆረጠ ታንኳ ቀዛፊ፣ ቁጥር ሦስት በከሰል የተሳለ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ቁጥር አራት በኮምፒውተር የተሠራ፣ ቁራ ከወጥ ቤት ድስት የሚሰርቅበት ረጅምና አስቂኝ። ቁጥር አምስት ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነበር፤ መስታወት ላይ በተበተነ አሸዋ የተሠራ የወፍ ጎጆ። ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ ቅጽ አሰመረ፤ የፊልሙ ቁጥር፣ ዞር ያለበት ደቂቃ፣ የተነሣበት ደቂቃ፣ አስተያየት።

«አንተ ልጅ፣ ያው ነህ» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። ወረቀቱን ግን በጥንቃቄ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቅጹ በሦስተኛው ሳምንት ከፍላሹ ጋር በመድኃኒት ፖስታ ታሽጎ፣ በቢቸና ሚኒባስ ሹፌር በስጦታው እጅ መጣ። በነርስ የእጅ ጽሑፍ በትክክል ተሞልቷል። ቁጥር አንድ፦ አራተኛው ደቂቃ ላይ ዞር አለ፣ ስድስተኛው ላይ ተነሣ። ቁጥር ሁለት፦ ሦስት፣ አምስት። ቁጥር ሦስት፦ ሦስት፣ አምስት። ቁጥር አራት፦ አምስት፣ ሰባት። ቁጥር አምስት፦ ጨረሰ። «ጨረሰ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ኸይረዲን ቅጹን ደብተሩ ላይ ገለበጠ። መደምደሚያው ግልጽ መሰለው፤ ችግሩ ርዝመት ነው፤ መምህሩ ረጅም ነገር መከታተል አይችሉም። ስድስት አጫጭር ፊልሞች መረጠ፤ አንዱም ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም። የሱፍ ክር አሻንጉሊት፣ የቀለም ነጠብጣብ፣ የክብሪት እንጨት፣ የተለያየ እጅና የተለያየ አገር ሥራ ነበር። ከስድስት እስከ ዐሥራ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ላከ።

ሁለተኛው ቅጽ መልስ አልሰጠም። ስድስት፦ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተነሣ። ሰባት፦ አራተኛው ላይ። ስምንት፦ ሦስተኛው ላይ። ዘጠኝ፦ ጨረሰ። ዐሥር፦ አራት። ዐሥራ አንድ፦ ሳይጀመር ተነሣ። ከቅጹ ሥር አንድ መስመር ተጽፎ ነበር፦ «ኸይሩ፣ አላህ ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ ግን አልሞክርም፤ እያስጨነቅሁት ነው።»

«በቃ ተዉህ» አለች ሙኒያ ከትከሻው በላይ አንብባ።

«ሁለቱን ጨርሰዋል።»

«ሁለቱን ያየው ደክሞት ነዋ። ሰውየው የማይወድ ከሆነ አይወድም! ሁሉ ሰው እንዳንተ የጭቃ ሽማግሌ አይወድም።»

«አለመውደድ ቢሆን ደቂቃው ይለያይ ነበር» አለ ኸይረዲን። «አንዱን ቶሎ፣ አንዱን ዘግይተው ይተዉት ነበር። ይሄ ግን ሳይጀመር ከተዉት ከአንዱ በቀር ምንም ፊልም ቢሆን ከሦስት እስከ ሰባት ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ስላላየሁ ነው።»

በሚቀጥለው እሁድ ሱቁን ለሙኒያ ትቶ ማለዳ በስጦታው መኪና ተሳፈረ። ግንደወይን ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ወርዶ ሌላ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ቆሙ። ቢቸና ሲደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ነበር። ሲስተር ይርጋነሽ በራቸው ላይ ሲያዩት ደነገጡ፤ ከዚያ «ቅጽ ይዘህ ከመጣህ አላስገባህም» አሉት። ግን አስገቡት፤ ምሳም አቀረቡ። የቤቱ ወጥ ዶሮ ነበር፤ ለሱ ለብቻ ሽሮ ሠሩለት።

መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። በግራ እጃቸው ጨበጡት። «ጥሩ» አሉ። ይህ ሰላምታም ነበር፣ ጥያቄም ነበር። ኸይረዲን ቀስ ብሎ ማን እንደሆነ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማን እንደሆነ ያወቁ መሰሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ በጣታቸው አመለከቱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አየህ?» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። «በአንተ ሳይቀር ተቀይሟል።»

ኸይረዲን አዲስ ፊልም ይዞ ነበር፤ ቁጥር ዐሥራ ሁለት። ርዝመት ምክንያት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሆን ብሎ ረጅሙን መረጠ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከተቆረጠ ወረቀት የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት እህትማማቾች ቁምሳጥን በገመድ አስረው ተራራ ያሻግራሉ። ከፈተው። እሱ ራሱ ግን ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሆኖ ወደ ፊልሙ ሳይሆን ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሮ ተቀመጠ። ሰዓቱን አየ።

በመጀመሪያው ደቂቃ መምህሩ እያዩ ነበር። አንገታቸው ወደ ፊት ወጣ ብሏል። በሁለተኛው ደቂቃ ሲስተር ይርጋነሽ ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«አየህ ኃይሌ፣ እህትማማቾች ናቸው። እህት። እህት። ቁምሳጥን ነው የያዙት። ወደ ተራራው ሊወጡ ነው። ተራራ። ታየህ? ያ ተራራ ነው።»

ድምፃቸው ከፍ ያለና ዝግ ያለ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሉታል። ለታካሚ ክኒን አወሳሰድ ሲያስረዱ ኸይረዲን ክሊኒክ ውስጥ የሰማው ድምፅ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ የመምህሩ መንጋጋ ጠበቀ። ሲስተር ይርጋነሽ ቀጠሉ፤ ገመዱ ገመድ መሆኑን፣ ትንሿ ትንሽ መሆኗን ነገሯቸው። በአራተኛው ደቂቃ መምህሩ ዞር አሉ። ኸይረዲን የጠበቀው ወደ መስኮቱ ነበር፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ያዩት የሚስታቸውን አፍ ነው። ከዚያ ግድግዳውን። በአምስተኛው ደቂቃ ተነሥተው ወጡ።

«ይኸው» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። «አየኸው አይደል?»

ኸይረዲን ፊልሙን አቆመው። «ሲስተር፣ ቁጥር አምስትን ሲጨርሱ እርስዎ የት ነበሩ?»

«የቱ ነው አምስት?»

«የአሸዋው። የወፍ ጎጆው።»

አሰቡ። «እሱን ከፍቼለት ጎረቤት መርፌ ልወጋላት ጠራችኝ። ስመለስ ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ቁጭ ብሎ አገኘሁትና ጨረሰ ብዬ ጻፍኩ።»

«ቁጥር ዘጠኝስ?»

«የዚያን ቀንማ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጠፍቶ...»

አልጨረሱትም። ግቢው ውስጥ መምህሩ በርጩማ ጎትተው ሲቀመጡ ተሰማ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ኸይረዲን። «ስለ ፊልሙ ጠየቅሁ፣ ስለ እሳቸው ጠየቅሁ። ቅጹ ላይ ለእርስዎ አምድ አላሰመርኩም።»

«ማባበሉን ተወው» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። «እኔ ዝም ካልኩ ማን ይነግረዋል ብዬ ነው። እሱ ነበር ለኔ የሚነግረኝ። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው የመድኃኒት ስም ብቻ ነው። ሳላገባው በፊት እዚህ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሣጥን ላይ ነው፣ እሱ አጠገቡ ቀጭን ሸንበቆ ይዞ ይቆማል። ‹ይሄኛው ወንድሙን ሊከዳው ነው፤ ፊቱን እዩት› ይላል። ስልሳ ሰው ትንፍሽ አይልም። ሰው ለፊልሙ አልነበረም የሚመጣው፣ ለሱ ነበር። ከተጋባን በኋላ ደግሞ እዚህ ቤት፣ እኔ ‹ለምን ተመለሰ?› ስል፣ ‹ለምን ዋሸችው?› ስል፣ አቁሞ ይነግረኛል። አንድ ቀን ‹ዝም ብለሽ እዪ› ብሎኝ አያውቅም።»

ሲስተር ይርጋነሽ ወደ ግቢው ተመለከቱ።

«እና አሁን እኔ ሸንበቆውን ነጥቄ በሱ ላይ አስተማሪ ሆንኩበት» አሉ።

ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ። ኸይረዲን የተነጋገሩትን አልሰማም፤ ሊሰማም አልሞከረም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሁለቱም ገቡ። መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ቦታቸው ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ከላይ አንድ ቁልፍ ፈቱ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ተነሣ።

ሲስተር ይርጋነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። አምስተኛው ደቂቃ አለፈ። ሰባተኛው አለፈ። በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ታላቂቱ እህት ገመዱን ድንገት ለቀቀችው፤ ቁምሳጥኑ ወደ ቁልቁለቱ ተንሸራተተ።

«ውይ! ለምን ለቀቀችው?» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ። አምልጧቸው ነው። ወዲያው አፋቸውን ያዙ፤ ኸይረዲንን በፍርሃት አዩት።

መምህሩ ግራ እጃቸውን አነሡና ላፕቶፑን ነካ አደረጉ። ሥዕሉ ቆመ። አፋቸው ቃል ፈለገ። «ውሃ» አሉ። አይደለም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ... ውሃ» ደግመው አሉ፤ ተናደዱ። ሲስተር ይርጋነሽ ሊረዷቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ተመለሱ። የጠቀሳቸው ሰው አልነበረም፤ ራሳቸው ነው የተመለሱት። መምህሩ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እልህ» አሉ።

«እልህ ነው?»

«እልህ።» ወደ ትልቋ እህት አመለከቱ፣ ከዚያ ወደ ትንሿ፣ ከዚያ በጣታቸው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት አሳዩ። «እልህ።»

«እኔኮ ደክሟት መስሎኝ ነበር» አሉ ሲስተር ይርጋነሽ።

መምህሩ ከንፈራቸውን በንቀት አወጡና ፊልሙን አስነሡት። ትክክል ነበሩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የእህትማማቾቹ ጠብ ግልጽ ብሎ ወጣ።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ዘጠኝ ጊዜ ቆሟል። ስድስቱን ጊዜ ሲስተር ይርጋነሽ ጠይቀው፣ ሦስቱን ጊዜ መምህሩ ሳይጠየቁ ነው። ከተናገሯቸው ቃላት አራቱ ፊልሙ ውስጥ ከነበረው ጋር የሚገናኙ አልነበሩም፤ ያንን በእጃቸው አስተካከሉት። አንዱን ጭራሽ አልቻሉትም፤ ሲስተር ይርጋነሽ «ቆይ፣ ይደርሳል» አሉ፤ ቀጠሉ። ኸይረዲን ቅጹን አልሞላም፤ የሚሞላው አልነበረውም።

ለመሄድ ሲነሣ ሲስተር ይርጋነሽ እስከ በር ሸኙት። «ሐኪም ሲያክመው እኔ ነበርኩ አጠገቡ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አርባ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። እንዴት ይሄን ሳላይ ቀረሁ?»

«ተነሥተው ሲወጡ ብቻ ነው ያየናቸው» አለ ኸይረዲን። «ሁለታችንም።»

በሰኔ አጋማሽ፣ ኔትወርክ ባለበት አንድ ሐሙስ፣ የሱቁ ስልክ ጠራ። ሲስተር ይርጋነሽ ነበሩ። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሱም።

«ስማ ኸይሩ፣ ያ የቁራው ምንድን ነው? አልወደድኩትም። ጫጫታ ነው። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ነው ያሳየኝ። ትናንት ቁራው ለምን እንደሚሰርቅ ሲያስረዳኝ ቡናው ቀዘቀዘ።»

«እና ምን ልላክልዎት?»

«እኔ የሚያሳዝን ነው የምፈልገው። እንደ ጉድጓድ ቆፋሪው ያለ። አለቀስኩ በሱ፤ እሱ ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ? ‹መጥፎ› አለ! ያን የመሰለ ሥራ መጥፎ! አንድ ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን።»

ከስልኩ ወዲያ የወንድ ድምፅ «መጥፎ!» አለ።

«ሰማኸው? ይኸው ነው የምልህ። ደግሞ የላክኸው ሁሉ አጭር ነው ይላል።»

«አጭር!» አለ ድምፁ።

ሙኒያ ከባንኮኒው ወዲያ የስልክ ሽፋን እየደረደረች «ምን አሉ?» አለች። ኸይረዲን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ረጅሞቹን ያስቀመጠበትን ፎልደር ከፈተ፤ አንዱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ በከሰል የተሳለ፣ የሚያሳዝን ነበር። ሌላው የጭቃ ነው፤ በሌቦች የተሞላ።

«ታዲያ የማንን ልላክ ሲስተር?»

«የሁለታችንንም ላክ። የኔ ይቅደም፤ እሱ...»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኸይረዲን ሁለቱንም ጫነ፤ የከሰሉን አንድ፣ የጭቃውን ሁለት ብሎ ቁጥር ሰጣቸውና ፍላሹን በመድኃኒት ፖስታው ውስጥ አሽጎ ስጦታው ሳይነሣ ለማድረስ ወጣ።